ያልተፈታው ኪስ

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ሦስተኛው ላይ ተውኩት። ወንድሜ መሆንህን መሰረዝ አልቻልኩም፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስትህ ሱቄ ድረስ መጥታ ሁለት መልእክትህን አደረሰችኝ። አንደኛው፣ ሐሙስ ችሎት ስትቀርብ የምትለብሰው ጥቁር ኮት እንድሰፋልህ። ሁለተኛው፣ ለምስክርነት ከተጠራሁ «ኮቱን ሰፍቼ ሰጠሁት እንጂ ሌላ የማውቀው የለም» እንድል። ኮትህን ሰፍቼዋለሁ። የምጽፍልህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የአባባን ደንብ ረሳኸው እንዴ? አባባ አዲስ ኮት ሲያስረክብ ኪሶቹን በክር ዘግቶ ነበር የሚሰጠው፤ ሰው እጁን እየከተተ ቅርጹን እንዳያበላሸው። ባለቤቱ የክብር ቀኑ ሲደርስ ራሱ በምላጭ ይፈታዋል። ልጆች ሆነን ኪሶቹን የምንዘጋው እኔና አንተ ነበርን። አንተ ጣትህን እየወጋህ ስታለቅስ አባባ «መርፌ የፈራ ልጅ ምን ሊይዝ ነው?» እያለ ይስቅብህ ነበር። ምን እንደያዝክ ሳያይ ሞተ። እንኳንም አላየ።

ስለ ሸንበቆ ልንገርህ። ከቁመቱ የተነሳ የሰፈሩ ልጆች እንዲህ የሚሉትን፣ አንተ የገደልከውን ልጅ ማለቴ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ ኮቱን ያሰፋችለት ለትምህርት ቤቱ የክርክር ውድድር ነው። ልኩን ስወስድ ክንዱ አላልቅ ቢለኝ «እትዬ፣ እጄ ቢረዝምም ምላሴ ይበልጠዋል» ብሎ አሳቀኝ። በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ ከሱቄ ሊወጣ ሲል እጁን ኪሱ ሊከት ሞክሮ አቃተው። እኔም «እስከ ክርክርህ ቀን እንዳትፈታው። ዝናብም እንዳያገኘው» አልኩት። ምክሬን ሰማ። መንገድ ላይ ዝናቡ ሲይዘው ኮቱን ላለማርጠብ አንተ የምትጠብቀው መጋዘን ጣሪያ ሥር ተጠለለ። ቤቱ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

እስር ቤት ልጠይቅህ የመጣሁ ጊዜ ዓይኔን ሳታይ «ሂድ ስለው ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። መሣሪያ ሊያወጣ መሰለኝ። ወይ እኔ ወይ እሱ ነበር» አልከኝ። አመንኩህ። እምቢ ብሎኝ ኪሱን ፈትቶታል ማለት ነው ብዬ ልጁን ተቀየምኩት። ስለ አንተ ስል የሞተ ልጅ ተቀየምኩ።

በማግስቱ መርማሪው ኮቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሱቄ ይዞት መጣ። ያንቺ ሥራ ነው ወይ ሲለኝ ነው አልኩት። ደረቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ላየው አልደፈርኩም። የኪሱን ክዳን ግን በጣቴ ገለጥ አደረግኩት። ስፌቱ እንዳለ ነው። በቀኝም በግራም አንዲት ክር አልተነካችም። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ያውም ከክዳን ሥር ስለሆነ መርማሪው ልብ አላለውም፤ ወረቀቱ ላይ «ኪስ፦ ባዶ» ብሎ ጽፏል። እዚያው ልነግረው ይገባኝ ነበር። ኮቱን መልሼ አስረከብኩት። ከዚያ ወዲያ አሥራ ስምንት ቀን አፌን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንተን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ጠላሁ።

በምን በኩል አድርጎ ነው እጁን የከተተው፣ ጋሼ? እስቲ ንገረኝ።

አጎታችን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» እያለ ሊመክረኝ መጥቶ ነበር። ሚስትህም የልጆችህን ስም እየጠራች አለቀሰች። በልጆችህ ላይ አክስትነቴን አላጓድልም። አጎታችን ግን «ልጁስ ቢሆን እዚያ ቆሞ ምን ይሠራል?» ሲል በሩን አሳየሁት። ዝናብ የሚሸሽ ልጅ የት ይቁም? ገድላችሁትም አልተዋችሁትም።

ቅዳሜ እናቱ መጣች። የማን እህት እንደሆንኩ ታውቃለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ኮቱን ፖሊስ ይዞታል። ከጨርቁ የተረፈ ቁራጭ አለሽ?» ብቻ አለችኝ። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ፈልጌ ሰጠኋት። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት። የሥራ ልብሷ ኪስ አልነበረውም።

ዛሬ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ክዳኑን ገልጦ ራሱ አየው፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ያለውን ሰረዘ። ሐሙስ ችሎት ፊትም እደግመዋለሁ። ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በል፤ ሰው ነህ፣ እኔም እረዳሃለሁ። በሞተ ልጅ እጅ ግን አታሳብብ።

ኮትህን ሚስትህ ታመጣልሃለች። ልክህን ሳልወስድ ነው የሰፋሁት፤ ትከሻህን አውቀዋለሁ። ኪሶቹን በአባባ ደንብ ዘግቻቸዋለሁ፣ በጥቁር ክር፣ ከክዳናቸው ሥር። ዳኛው ፊት ቆመህ «እጁን ከተተ» ከማለትህ በፊት አንተ የራስህን ለመክተት ሞክር።

ሐሙስ ፊት ለፊት እንተያያለን።

ልብስ ሰፊዋ እህትህ