ሻለቃው ሳፋ ውስጥ

ኅዳር 3

ዛሬ አስራ አራት የሸሚዝ ቁልፍ ተከልኩ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። ሌላ ወሬ የለም።

አባዬ ዛሬም አላናገረኝም። ትምህርት ቤቱን ትቼ ከወጣሁ አምስት ወር ሞላኝ። የፊዚክሱ መምህር «ግድግዳው ካንቺ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ መልስ አይሰጥም» አለኝ። «እንግዲያው ግድግዳውን ያስተምሩ» አልኩትና ወጣሁ። በሩን ጓ! አድርጌ። የበሩ መስታወት ወረደ። ያ መስታወት እስከ ዛሬ በእኔና በአባዬ መሃል እንደተበተነ ነው። ማንም አልጠረገው።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ። እዚያ ላይ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ጎን የዓሣዎቹ ገንዳ፣ ከገንዳው ጎን እኔ። ሊያናግረኝ ሲፈልግ ዓሣውን ያናግራል። ሻለቃውን። ትልቁን ብርቱካናማ። ቀኑን ሙሉ ሌሎቹን ዓሣዎች ሰልፍ እያስገባ ስለሚዞር ስሙን ያወጣለት ራሱ አባዬ ነው።

«ሻለቃ፣ ያቺን ልጅ ሜትሩን የት አደረስሽው በላት።»

«ሻለቃ፣ አንገቱ ላይ ነው በለው።»

እማዬ ሁለታችንንም አየችና «በዚህ ቤት ጤነኛው ዓሣው ብቻ ነው» አለች።

ድሮ «ክብሪት» ነበር የሚለኝ። ትንሽ ሲነኩኝ ቦግ ስለምል። አሁን «ያቺ ልጅ» ሆኛለሁ። ሁለት ቃል ሰጥቶ አንድ ወሰደብኝ…

ኅዳር 5

ምን አደረግኩ?

ከመጀመሪያው ልጻፈው። አባዬ ክር ሊገዛ ወጣ። ባለ ሱሪው መጣ። በዓመት ሦስት ጊዜ ያንኑ ሱሪ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ።

«ጠበበኝ። አባትሽ የሚሰፋበት ጨርቅ አይረባም፣ ይሸበሸባል፣ ያጥራል።»

«ጨርቁ ምንም አልሆነም ጋሼ። ሆድዎን ይጠይቁት።»

«ባለጌ! ለዚህ ነዋ ከትምህርት ቤት ያባረሩሽ!»

አልተባረርኩም!! ራሴ ነኝ የወጣሁት! ልዩነት አለው! ይህን ላስረዳው ስል ሰውዬው የለም። ንዴቱ አፌ ውስጥ ቀረ። ወደ ጓዳ ገባሁና በሩን… እንደ ልማዴ። ጓ! ግድግዳው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

ሮጬ ስመለስ ሻለቃው ደንግጦ ገንዳው ውስጥ ካለው ከፕላስቲኩ ግንብ ጋር ተላትሟል። ያ ግንብ ጫፉ ቢላ ነው። ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ረግፎ ቀይ ሥጋው ይታያል። ጭራው ተቀዷል። ጥግ ገብቶ ዝም… ሰልፍ የለ፣ ምን የለ።

አባዬ ክሩን እንኳ ሳያስቀምጥ ተንበረከከ።

«ሻለቃ… ማነው የነካህ?»

ጠየቀኝ ማለት ነው? አይደለም፣ ዓሣውን ነው የጠየቀው። ዓሣው ዝም አለ። እኔም።

ኅዳር 6

ገና ሲከፈት ዓሣ ሻጩ ሽማግሌ ጋ ደረስኩ። ጠባብ ሱቅ፣ ግድግዳው ሁሉ የመስታወት የዓሣ ገንዳ። ሽማግሌው በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ቀስ፣ ልጄ። እዚህ ቤት አይጮህም።»

«አልጮህኩም!» አልኩ። እየጮህኩ።

የሆነውን ነገርኳቸው። በሩን ግን አልነገርኳቸውም። «ደነገጠ» ብቻ አልኩ።

«እንግዲህ ስሚኝ። ዓሣን ከቁስሉ ይልቅ ድንጋጤው ነው የሚጥለው። የደነገጠ ዓሣ አይበላም፣ ጉልበት የለውም፣ ቁስሉ ላይ ሻጋታ ይወጣበታል። ለብቻው አድርጊው። ጨለም ይበልለት። የሚሸሸግበት ስጪው። በመረብ እንዳታባርሪው፣ በጎድጓዳ ሳህን ከነውኃው ቅጂው። ውኃው ንጹሕ ይሁን። ከዚያ ተይው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ጸጥታ።»

እኔ ጸጥታ ከየት አመጣለሁ? በቤታችን በኩል አላለፈም።

የእማዬን ትልቁን የልብስ ሳፋ ጠየቅኩ።

«ሳፋዬን? ለዓሣ?»

«ታሟል እኮ እማዬ።»

«እኔም ወገቤን ታምሜ ከረምኩ፣ ማን ሳፋ ሰጠኝ?» እያለች ሰጠችኝ።

ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከገንዳው ውኃ ቀዳሁበት። መደበቂያ እንዲሆነው አፉ የተሸረፈ የአበባ ማሰሮ አጋደምኩለት። ላዩን አባዬ ለአንድ ሙሽራ ከሚሰፋው ኮት በተረፈ ጥቁር ገበር ሸፈንኩት። ቀና ስል አባዬ በር ላይ ቆሟል። የአየር ፓምፑን ይዞ። አስቀመጠው፣ ሄደ።

ኅዳር 7

«ውኃው ንጹሕ ይሁን» አሉ አይደል? እኔም ንጹሕ አደረግኩት። ሙሉውን ደፋሁና ከቧንቧ ሞላሁ። እንዴት እንደሚያምር! ታችኛው ድረስ ያሳያል።

ብዙም ሳይቆይ ሻለቃው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

«አባዬ!!»

መጣ። አየ። እጁን ነከረ።

«አንቺ እብድ! የቧንቧ ውኃ? ሳታሳድሪው? ሙሉውን? ልትገድይው ነው?»

በባልዲ ከገንዳው እየቀዳን ሁለታችንም ተሯሯጥን። ሱቁ በሙሉ ጎርፍ ሆነ። የሙሽራው ሱሪ እግሩ ራሰ። ሻለቃው ቀስ በቀስ ወደ ማሰሮው ተመለሰ።

አባዬ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ውኃ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ያድራል» አለ። «የቧንቧው መድኃኒት ይወጣለታል፣ ሙቀቱም ከሳፋው ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ሩቡን ብቻ ትለውጫለሽ። ሩቡን!» ከዚያ እንደተኳረፍን ትዝ አለው መሰለኝ፣ አፉን ገጠመ።

ግን… «አንቺ» አለኝ! አንቺ እብድ! ለእኔ! በቀጥታ! በሻለቃው በኩል አይደለም! አምስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ቃል «እብድ» ነበር? ይሁን። አመስግኜ ተቀብያለሁ።

ኅዳር 9

አልበላም።

ኅዳር 10

አልበላም። ለእኔም ምሳ አልወረደልኝም። እማዬ፣ «ሁለት በሽተኛ በአንድ ሳፋ አላስታምምም፣ ብዪ!» ብላ ቆማ አጎረሰችኝ።

ኅዳር 12

ወደ ሱቅ ስገባ ማሽኑ መስኮቱ ሥር የለም። አባዬ እየጎተተ ጨርቅ የሚከመርበት ጨለማ ጥግ ወስዶታል። ብቻውን። በዚያ በሚያመው ወገቡ።

ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። «ማሽኑ ነው ያስደነገጠው። በረገጥኩት ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ገንዳው ይንቀጠቀጣል። ስንት ዓመት ጆሮው ሥር ስደበድብ… እኔ ነኝ የጎዳሁት።»

አሁን በአንድ አምፖል፣ አፍንጫውን ጨርቁ ላይ ተክሎ ይሰፋል። ስፌቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ የሚል ሰው! ዛሬ የሙሽራውን ግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ገጠመው። ሲያየው ቁጭ ብሎ መፍታት ጀመረ።

ንገሪው። ንገሪው እንጂ!

ብነግረውስ? ለአንድ መስታወት አምስት ወር ከቀጣኝ፣ ለሻለቃው ስንት ዓመት ነው?

ኅዳር 13

አልነገርኩትም። ሻለቃው አንዲት ፍርፋሪ በላ። ግማሿን ተፋት። ቢሆንም በላ!

ኅዳር 16

ገበሩን ገለጥ ሳደርግ… ጎኑ ጠቁሯል! ቁስሉ ዙሪያውን ከሰል! ሮጥኩ።

«በሰበሰ!» አልኳቸው ዓሣ ሻጩን።

«ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣበት?»

«አልወጣም።»

«ይበላል?»

«ከትናንት ወዲህ ይበላል።»

«ይሸታል?»

«ዓሣ ዓሣ።»

ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እና ምን እንዲሸት ፈለግሽ፣ ሽቶ? እየዳነ ነው፣ ልጄ። የእሱ ዓይነቱ ቁስሉ ሲጠግን እንዲህ ይጠቁራል። ኋላ ራሱ ይለቃል።»

ልወጣ ስል፣ «ምን ነበር ያስደነገጠው?» አሉ።

«በር።»

«በር ራሱን አይዘጋም።»

ግማሽ መንገድ ሄጄ ነው ትዝ ያለኝ… እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁሉንም በሹክሹክታ ነበር ያወራሁት። «በሰበሰ»ን እንኳ።

ኅዳር 17

አባዬ ጣቱን ወጋ። ነጩ ሸሚዝ ላይ ደም ጠብ አለ። መርፌ ከያዘ ጀምሮ ጣቱን ሲወጋ አይቼው አላውቅም። መውጋት የእኔ ሥራ ነው።

«ማሽኑ አይደለም» አልኩ።

ቀና አለ።

«እኔ ነኝ። በሩን… ባለ ሱሪው አናዶኝ፣ አንተ ክር ልትገዛ ሄደህ፣ ጓ አደረግኩት፣ ደነገጠ፣ ግንቡ ላይ ተላተመ፣ ማሽኑ ምንም አላደረገም፣ ወደ መስኮቱ መልሰው፣ ዓይንህ ሊጠፋ ነው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

ሸሚዙን አስቀመጠ። አየኝ። ተነስቶ ጓዳ ገባ። ሳፋው አጠገብ ሲንበረከክ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተመለሰና መርፌውን አነሳ። ምሳ ቀረበ፣ ዝም። እማዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች፣ «ደግሞ ምን ሞተ?» አለች።

በቃ። ሁለተኛው ዙር ተጀመረ ብዬ ሦስት ቁልፍ በተሳሳተ ወገን ተከልኩ።

አስር ሰዓት ገደማ ከጓዳ ድምፁ መጣ።

«ሻለቃ።»

እንደገና በዓሣ በኩል!

«ያቺን ልጅ ንገራት። ይህን ማሽን ሁለተኛ ብቻዬን አልጎትትም። መጥታ ያንን ጫፍ ትያዝ።»

ያዝኩ! መስኮቱ ሥር ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እግሬ ላይ አሳረፈው። አልጮህኩም። ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ እንጂ ትንፍሽ አላልኩም። አባዬ አይቶኝ፣ «ጮኸሽ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ፊትሽ ቲማቲም ሆነ» አለ።

ለእኔ ነው ያለው። በቀጥታ።

ኅዳር 20

ገንዳውን ከማሽኑ ጠረጴዛ አውርደን ለብቻው ጠንካራ መቀመጫ ላይ አደረግነው። «ማሽኑም ቢሆን ከጥፋት ንጹሕ አይደለም» ይላል አባዬ። ከማሽኑ እግሮች ሥር የካፖርት ጨርቅ አራት እጥፍ አድርገን አስገባን። ግንቡን እኔ ራሴ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። ቆሻሻ ውስጥም ቢሆን ቀስ አድርጌ።

ታኅሣሥ 2

ከካፖርቱ ጨርቅ ቀጭን ቀጭን ቆርጬ ጓ እንዳይል የጓዳው በር መቃን ላይ ዙሪያውን ለጠፍኩት። አባዬ መነጽሩን አድርጎ መረመረ።

«ስፌቱ ጠማማ ነው።»

«ስፌት የለውም፣ ማጣበቂያ ነው።»

«ማጣበቂያውም ጠማማ ነው።»

ታኅሣሥ 8

ዓሣ ሻጩ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ነይና የታመሙትን ዓሣዎች ያዢልኝ» አሉኝ። እኔን! ለጸጥታ!

ለአባዬ ነገርኩት። መቀሱን አቆመ።

«የዚያ ሱቅ በር መስታወት ነው?»

«አዎ።»

«ግድግዳውም?»

«ግማሹ።»

«ፈጣሪ ሰውየውን ይጠብቃቸው» ብሎ መቁረጡን ቀጠለ። ግን በአፉ ጥግ ሲስቅ አየሁት። ማታ ደግሞ ሰማያዊ ሽርጥ ጀምሮልኛል። ኪሱ ሁለት። አንዱ ለጎድጓዳ ሳህን ይበቃል።

ታኅሣሥ 14

ሻለቃው ዛሬ ከሳፋ ወጣ። መብራት አጥፍተን፣ በሳህን ከነውኃው። ሳህኑን ገንዳው ላይ አንሳፍፈን ውኃው ከውኃው ጋር እስኪላመድ ጠበቅን። ከዚያ አጋደልኩት። ወጣ። ቆመ። ዞር ዞር አለ። ጥቁሩ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል፣ ጭራው ጫፍ ላይ እንደ ስስ ነጠላ ጨርቅ አዲስ ወጥቶለታል። ሌሎቹ ዓሣዎች ሲያዩት በየጥጋቸው ገቡ። ከዚያ… ሰልፍ! እማዬ ሳፋዋን ተረክባ ሄደች። «ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አሁንም ሻለቃ ሻለቃ ይላል» ትላለች።

ከሰዓት ማን መጣ? ባለ ሱሪው። ያንኑ ሱሪ ይዞ።

«ጠበበኝ። ነገርኩሽ፣ ይህ ጨርቅ…»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ የሚያምር ቃል ነበር፣ አዝናለሁ። ገንዳውን አየሁ።

«ስንት ጣት እናስፋው ጋሼ?» በሹክሹክታ።

ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዞሮ አባዬን፣ «ምን ሆና ነው? ታማለች እንዴ?» አለው።

አባዬ አፉ በስፒል እንደተሞላ፣ ከማሽኑ ቀና ሳይል፦

«አልታመመችም። ክብሪት ናት። ዛሬ አልተጫረችም።»

ክብሪት አለኝ!

ሁለት ጣት ለካሁ። ምልክት አደረግኩ። «ሰኞ ይደርሳል» አልኩ። ከዚያ ፊቴን ማንም እንዳያይብኝ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሊገጥም ሲል በክፍተቱ አየሁት፤ ሻለቃው ዞር ብሎም አላየ።