ከሜልበርን እስከ ሰበታ

ልጄ ወንዲ፣ አባትህን የወሰደ አምላክ አንተን ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ለቀብሩ ያልመጣኸው ስለራቀህ መሆኑን ልታስረዳኝ የላክኸውን ካርታ አየሁት። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን። አክስትህ ጥሩሰው፣ «ልጁ ሊዋኝ ነበር እንዴ?» አለች። እሷ በታመመ እግሯ ከሱሉልታ ታክሲ እየቀያየረች ደርሳለች። ለጓደኛህ ሠርግ ለንደን ስትበር ርቀት አልለካህም። ለንደን ከሰበታ ይልቅ እንደሚርቅህ ባለሱቁ ሸምሰዲን በስልኩ አይቶ ነገረኝ።

የእድሩ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲመጡ፣ «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ብዬ አሳደርኩት። በማግስቱ ሰው እያየኝ አስነቀልኩት።

ለአርባው ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። መድኃኔዓለም መንገድህን ያቅናልህ። እባክህ ና፤ ሁለተኛ አልዋሽልህም።

እናትህ