የጥጃዋ ፊት

ጥቅምት 3
ዛሬም ጥጃዋ ጀርባ ላይ ዋልኩ። ጥቁር ግራናይት፣ ተኝታ አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች። ወንድሜ ቦሩ በግራይንደር ቀርጿት በሦስት ሳምንት ጨረሰ። እኔ ውልወላው ላይ ይኸው ሁለተኛ ወር ሆነኝ... ውሃ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ። ገፈርሳ ግድብ ሥር ተቀምጠን ውሃው በጀሪካን! ጀርባዋ አልቋል፣ መልኬ ይታይበታል። ፊቷ ብቻ ቀረ።
ያዘዟት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ ሱሉልታ የእንግዳ ማረፊያቸው በር ላይ ሊያቆሟት ቸኩለዋል። "ከሥሯ የሁለታችንም ስም ይጻፋል" አለ ቦሩ። በአባባ ስም ማለ።

ጥቅምት 9
መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ። ማሽኑ ጣቴን አላነብም አለ! አሥሩንም። መዝጋቢዋ በሶፍት ጠረገችኝ፣ ቅባት ቀባችኝ... ወይ ፍንክች።
"እህቴ፣ ሥራሽ ምንድነው?"
"ድንጋይ እወለውላለሁ።"
"አሻራሽ አልቋላ። ሁለት ሳምንት እጅሽን አሳርፊና ተመለሺ።"
አልቋል! ሳሙና ነኝ እንዴ? ለቦሩ ብነግረው ሳቀ። "ብትሰርቂ አትያዢም!" ምኑ ያስቃል?

ጥቅምት 14
የጥጃዋን መቆሚያ አየሁ። "ቦሩ ኩምሳ።" በቃ። የኔስ?
"ቦታ አነሰ" አለ።
ቦታ አነሰ! ክንድ ተኩል ድንጋይ!
"ደሞ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ያው... ማሸት ነው።"
ማሸት? ሰባት ዓመት! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። አሻራዬ እዚያ ድንጋይ ላይ አልቆ ስሙ የሱ ብቻ? ብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ወረወርኩት። ስሜ ካልተጻፈ ፊቷን አልነካም አልኩት። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው እንጂ አዝኜ አይደለም።

ጥቅምት 15
አልነካሁም። ይፈንዳ።

ጥቅምት 21
ውልወላውን ቦሩ ራሱ ይዞታል። ከሻካራው ወረቀት ዘሎ መጨረሻው ለስላሳ ላይ! መሃል ያሉትን ሳይነካ። ፊቷን ድመት የቧጠጠው አስመሰለው። ጎረቤታችን ጁማና "ኧረ እርጂው፣ ወንድምሽ አይደል?" አለችኝ። "እኔስ እህቱ አይደለሁም?" አልኳት።

ጥቅምት 25
ኦቦ ዲሪርሳ ሊያዩዋት መጡ። ቦሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሩ ሲንኳኳ አንድ ባልዲ ውሃ ጥጃዋ ላይ! የረጠበ ድንጋይ ሁሉ ያብረቀርቃላ። አይ ወንድሜ!
ሽማግሌው "ባዬ ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው!" አሉ። ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው ሠርግ ማውራት ጀመሩ። ፀሐዩ ግን አልታለለም። ጀርባዋ እንዳበራ ቀረ፣ ፊቷ ደርቆ አመድ መሰለ። ተነስተው ዳሰሷት።
"ፊቷን ምን ነካው? ጀርባዋን የሠራው ሰው የት ሄደ?"
ቦሩ ባልዲውን ከኋላው ደበቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።
"እዚህ ነኝ፣ ኦቦ። ስሜ ሳይጻፍ አልጨርስሎትም።"
መቆሚያውን አነበቡ። ቦሩን አዩት። "ስሟን ሳትጽፍ እንዳትጠራኝ" ብለውት ወጡ።

ጥቅምት 30
ማሽኑ አነበበኝ። በመጀመሪያው! አውራ ጣቴን ፀሐይ ላይ አየሁት... መስመሮቹ ስስ ናቸው፣ ግን አሉ።
ቤት ስደርስ ቦሩ መቆሚያው ሥር ተንበርክኳል፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል። "ላሊሴ ኩምሳ።" ከሱ ስም እኩል። ቦታው ከየት መጣ?
"ይኸው። ነገ ትጀምሪያለሽ አይደል?"
ንዴቴ መቼ በረደና! "ጓንት ሳትገዛልኝ አልነካም። ወፍራሙን፣ ውሃ የማያስገባውን።"
"በጓንት ይሠራል እንዴ?"
"እኔ ነኝ የምሠራው። ሂድ።"
ሄደ።