በለቅሶዬ ላይ ላደመጡኝ ጠበቃ

ለክቡር ጠበቃ ውብአየሁ
የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፣ የዛሬ የቆዳ ፋብሪካው የሕግ አማካሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከመንግሥት ቢሮ ወጥተው የግል ጥብቅና ከያዙ ወዲህ ወዝ በወዝ ሆነዋል ብለው የሰበታ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ኤልቃና ብቻ የለም።

ኤልቃና ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ክዳን በሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ወድቆ ሲሞት ጉዳዩን የያዙት እርስዎ ነበሩና፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ድንኳናችን ድረስ መጥተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠው ስላደመጡኝ አመሰግናለሁ። የመንግሥት ሰው እንዲህ ሲያደምጥ አይቼ ስለማላውቅ፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ነገርኩዎ፤ እርግዝናዬ አስቸግሮኝ ስለነበር ኤልቃና በሰላም እንድገላገል ብሎ ጾም ጸሎት ይዞ፣ የዚያን ዕለትም እህል ሳይቀምስ ሥራ መግባቱን። እርስዎም አይዞሽ፣ ጥፋቱ ጉድጓዱን ክፍት የተዉት ሰዎች ነው ብለው አጽናኑኝ።

፪ኛ. ስለ ሕግ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። በዐቃቤ ሕግነት በያዙት መዝገብ ተመልሰው ለፋብሪካው መሟገት ክልክል ስለሆነ፣ ከቢሮዎ አንድ ወጣት ጠበቃ አቁመው እርስዎ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ወጣቱም በመስቀለኛ ጥያቄ፣ ሟች ጾሞ አዙሮት አይደለም ወይ የወደቀው ብሎ ሲያፋጥጠኝ፣ ይህን ከእግዚአብሔርና ከእርስዎ በቀር ለማን እንደነገርኩ ባስብ ባስብ ጠፋብኝ። እግዚአብሔር ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ አወጣ ሲባል አልሰማሁም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ለካ ይኼ ኖሯል!

፫ኛ. ይኼኛው ምስጋና አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጥያቄ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ምግብ በቀረበ ቁጥር ኤልቃና በባዶ ሆዱ በሩ ጋ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል፤ ልጃችንን ሳጠባ ደግሞ ለዚች ብዬ ነው የሞትኩት የሚለኝ ይመስለኛል። ኧረ ኤልቃና እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም! በሕይወቱ ክፉ ቃል ያልወጣውን ሰው ከሞተ በኋላ ክፉ አናገሩብኝ። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱ የሟቹ ነው ብሎ ከፈረደ፣ ልጄ አባቷ የሞተው በእሷ ምክንያት እንደሆነ እየሰማች ታድጋለች። ይኼ ያስፈራኛል፣ ክቡር ሆይ። ስለዚህ ፍርዱ ሳይሰጥ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለእኔ ያሉትን ለችሎቱም እንዲሉልኝ እለምንዎታለሁ።

ከዐቃቤ ሕግም ከጠበቃም ወገን ተቀምጠው ሁለቱንም ወንበር ላሞቁት ክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

እርስዎ ያጽናኗት
ገለቴ ሚልኬሳ
ከሰበታ

ማስታወሻ፦ ጉድጓዱ አሁን ጥሩ የብረት ክዳን ተገጥሞለታል። ሠራተኞቹ ግን አይረግጡትም፣ ዞረው ነው የሚያልፉት። ጥበቃው ኦቦ አለሙ እንደነገሩኝ፣ እርስዎም ፋብሪካው ሲመጡ ዞረው ነው አሉ የሚያልፉት። ኤልቃናን የጣለው ጾሙ ከሆነ፣ ቁርስዎን በልተው የሚመጡት እርስዎ ምን አስፈራዎት?