ሰጪው ፊት አይከፈትም

ውድ ናናይ፣

እናቴ በሞቴ፣ በዚህች አንዴ እንኳ እመኚኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፣ ጸልዪልኝም አልልሽም፣ እመኚኝ ብቻ። ስደውል ስደውል ስልክሽ ዝግ ነው። የኔን ስልክ ወስደውታል፣ የምደውለው በኬቱት ስልክ ነው፣ ኬቱት ማለት አብራኝ የምታድረው የባሊዋ ልጅ ናት፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች ነው የምንተኛው። ይቺን ወረቀት ስጨርስ ፎቶ አንስታ ለባለሱቋ ለኤስተር ትልክልኛለች። ኤስተርዬ፣ ሱቁን ዝጊና ሮጠሽ ውሰጂላት፣ ስታነቢላት ደግሞ በናትሽ ጮክ አትበዪ፣ የኛ ሰፈር ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነው።

ናናይ አልሰረቅኩም። መጀመሪያ እሱን ልበል፣ ሌላው ይደርሳል። መርከቡ ላይ ያስቀጠረኝ ኤጀንሲ ሰው ደውሎ ልጅሽ የአንዲት አሮጊት የዕንቁ ሀብል ይዛ ተገኘች እንዳለሽ አውቃለሁ። አንቺም ምን ብለሽ እንደመለስሽለት ነገሩኝ። ዛሬ ጠዋት የመርከቡ የጥበቃ አለቃ አስቁሞኝ፣ "የገዛ እናትሽ ይቅርታ ጠይቃለች። ልጅ ናት ማሯት ብላለች። እናት ካመነች እኔ ምን ቀረኝ?" አለኝ። እስከዛ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፣ በእመቤቴ አላለቀስኩም፣ ሲያዋክቡኝ ሲያመላልሱኝ ጥርሴን ነክሼ ነበር የቆምኩት። እሱን ሲለኝ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ደግሞ ላጠገቡ ሰው "አየህ፣ አሁን ልትናገር ነው" አለው።

አሁን የኤጀንሲው ሰው በከሰዓቱ ጀልባ ወዳንቺ ይመጣል። ያልሽውን ድገሚልኝ ብሎ በስልኩ ድምፅሽን ሊቀዳ ነው። ያንን ይዘው ጀንበር ስትጠልቅ፣ መርከቡ ከዚህ ከፔናንግ ሳይነሳ፣ ለወደቡ ፖሊስ ሊያስረክቡኝ ነው። ለዛ ነው እንዲህ የምጣደፈው። ጽሑፌ ቢያስቀይምሽ ከችኮላ ነው።

አሮጊቷ ሚስስ ኦልደን ትባላለች። ትባል ነበር። ባሏ የሞተባት ናት፣ አገሯ በረዶ ስለሆነ ሙቀት ፍለጋ ለወራት እኛ መርከብ ላይ ነበር የምትኖረው። ነግሬሽ ነበር እኮ፣ የፎጣውን ዝሆን አላፈርስም ያለችዋ! ማታ ማታ የእንግዶቹን አልጋ ስናስተካክል ፎጣ ጠቅልለን ዝሆን ምናምን፣ ዝንጀሮ ዳክዬ እየሠራን አልጋው ላይ እናስቀምጥላቸዋለን፣ እነሱም ስቀው ፎቶ ያነሱና ሲነጋ ገላቸውን አድርቀውበት ወለል ላይ ይጥሉታል። እሷ አታፈርስም። ወንበር ላይ ትደረድራቸዋለች። አንድ ቀን ብገባ አንድም የተረፈ ፎጣ የለም። "ሚስስ ኦልደን፣ ታዲያ ገላዎትን በምን አደረቁት?" ብላት "በመጋረጃው" አለችኝ። ዝሆኑን የምትጠራው በሞተው ባሏ ስም ነው። "ሃዋርድ ዛሬም አኩርፎኛል፣ እስቲ ኩምቢውን ወደኔ አዙሪልኝ" ትለኛለች። እኔም አዞርላታለሁ።

ይሄን ግን አልነገርኩሽም። አልጋዋን ራሷ አንጥፋ ነበር የምትጠብቀኝ። በዛ በሚንቀጠቀጥ እጇ፣ አንሶላው ተጨማዶ፣ ትራሱ ተገልብጦ፣ ግን አንጥፋ። "የዛሬን ሥራሽን ሠርቼልሻለሁ፣ በይ ተቀመጪ፣ ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ" ትለኛለች። ስንት ዓይነት እንግዳ አይቻለሁ ናናይ። ቸኮላት የሚሰጥ አለ፣ ለአለቃችን ስማችንን ጠርቶ የሚያመሰግን አለ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ውልቅ የሚልም አለ። አረፍ በይ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እንግዳ ክፍል መቀመጥ ክልክል ነው፣ ስለዚህ በሩን ተደግፌ ነበር የምቆመው፣ "አንቺ ልጅ በሩ አይወድቅም፣ ልቀቂው" እያለች ትስቅብኛለች። ወደመጨረሻው እግሬ አበጠብኝና ተቀመጥኩ። አሁን ያቺ መቀመጤ ወንጀል ሆነች። በሩ የሚከፈተው በካርድ ነው፣ መቼ እንደገባሁ መቼ እንደወጣሁ ማሽኑ ይይዛል። "እዛች ክፍል ይሄን ያህል ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?" አለኝ አለቃው። "እሷ አልጋ ታነጥፋለች እኔ እቀመጣለሁ" አልኩት። እስኪደክመው ሳቀብኝ።

ስቀመጥ እሷ ሹራብ ትሠራለች፣ ሰማያዊ ክር ይዛ። አንድ ቀን በመሀል ቀና ብላ "የእናትሽ ራስ ትልቅ ነው?" አለችኝ።

"የኔን ያክላል፣ ግን የሷ ይጠነክራል" አልኳት።

እስክትስል ሳቀች። "እንግዲያው በደንብ አጥብቄ ነው የምሠራው" አለች። እኔ ጅሏ ምንም አልጠረጠርኩም፣ ፈረንጅ ስለ ራስ መጠየቅ ይወዳል ብዬ ተውኩት።

የምትወርድበት ቀን ጠዋት ዕቃዋን ጠቅልዬላት ልወጣ ስል በቀይ ወረቀት የታሸገ ነገር እጄ ላይ አኖረችልኝ። ለስላሳ ነው። "ክፈቺው" አለችኝ። ደረቴ ላይ ለጥፌ አመሰገንኳት፣ አመሰገንኳት። "ኧረ አሁን ክፈቺው ልጄ፣ ፊትሽን ልየው" አለችኝ። ናናይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እንዴት ብዬ እከፍተዋለሁ? አንገቴን ደፋሁና "እናቴ ናት የምትከፍተው፣ ለገና" አልኳት። ፊቷ ጠቆር አለ፣ ትንሽ ብቻ። ከዛ ጉንጬን ዳሰስ አድርጋ "ይሁን፣ እናትሽ ትክፈተው። እኔም ገና ለት ቤቴ ሆኜ የሷን ፊት እያሰብኩ እስቃለሁ" አለችኝ። ሃዋርድን፣ ማለቴ ዝሆኑን፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች። ፎጣው የመርከቡ ነው፣ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጥቅሉን ለናንተ የምልከው ካርቶን ውስጥ፣ ከሳሙናውና ከታሸገው ሥጋ ሥር ከተትኩት። ውድ ስጦታ የተሰጠው ሰው ለአለቃው ማሳየት አለበት፣ ሕጉን አውቃለሁ፣ ከሰጪውም ቃል ይጠየቃል። እኔ ግን የዳሰስኩት ክር ነው። ሻርፕ ነው ብዬ ነው። ለሻርፕ ማን አለቃ ይጠራል?

ቤቷ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጇ ሀብሉን ፈልጎ ሲያጣው ወደ መርከቡ ደወለ፣ እዛ ኮሪደር የምንሠራውን ሁሉ ዕቃችንን አራገፉት። ያንን ቀይ ወረቀት አለቃው እፊቴ ዘነጠለው። ኮፍያ ነው ናናይ። ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያ፣ ባንቺ ራስ ልክ። በኛ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ! ልስቅ ነበር እኮ፣ ለመሳቅ አፌን ስከፍት ከኮፍያው ውስጥ ሀብሉ ዝርግፍ አለ። እሱ "ይሄስ?" አለኝ። እኔ "ምንድነው እሱ?" አልኩት። የሷንም መርዶ የሰማሁት እዛው ነው። "ሴትዮዋ ሞታለች፣ ማን ሊመሰክርልሽ ነው?" ብሎ ነው ያረዳኝ። አልቅሼ እንኳ ልቀብራት አልቻልኩም፣ ባለቅስ የሌባ ለቅሶ ነው የሚሉኝ።

ፊቴን ማየት ነበር የፈለገችው። ሌላ ምን ጠየቀችኝ? እሱን ከለከልኳት። ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ሀብሉን አይቼ ኧረ አይሆንም ብዬ እመልስላት ነበር፣ ባትቀበለኝም አለቃዬ ጋ ይዣት እሄድ ነበር፣ እሷም ፊቴን አይታ ትሄድ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ከፖሊሱም በላይ ይሄ።

ዛሬ ጠዋት አለቃው "ስጦታ ተቀብሎ ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ" ሲል ማኖንግ ፌሊሞን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የልብስ ማጠቢያው ሰውዬ፣ በስልክ ያገናኘሁሽ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የሚጠብቀኝ። ሄደና ከሎከሩ ያልተከፈቱ ጥቅሎች ታቅፎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

"ጌታዬ፣ ይቺን አንድ ሽማግሌ ናቸው የሰጡኝ። ያቺን ደግሞ ሙሽሮች። ውስጣቸው ምን እንዳለ አላውቅም፣ ቦምብም ከሆነ አብረን እንሙት" አለው።

"ለምን አትከፍታቸውም?"

"ሚስቴ ናት የምትከፍተው። ተከፍቶ ከደረሳት ጥሩ ጥሩውን ለማን ሰጠኸው ነው የምትለኝ።"

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ያገራችን ልጆች ሁሉ ሳቁ፣ አንዷ "እኔም አለኝ፣ ላምጣ?" አለች። ለትንሽ ጊዜ፣ ናናይ፣ የዳንኩ መሰለኝ። አለቃው ያንቺን ይቅርታ ያወጣው ያኔ ነው። "ጓደኛ ለጓደኛው ይዋሻል፣ እናት ግን ለጠላት አትመሰክርም" አለ። ሳቁ ጠፋ። ማኖንግ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየሰበሰበ ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ እንዳንቺው በቁልምጫ፣ "ኢንዳይ፣ እናትሽን ምን ነካት?" አለኝ።

ምን ልበለው? እኔማ ምን እንደነካሽ አውቃለሁ። ኢሎኢሎ ከተማ ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስሠራ፣ እመቤቲቱ የጆሮ ጌጤ ጠፋ ያለች ለት ማንጎ በቅርጫት ተሸክመሽ በጀልባ መጣሽ። አንቺ ነሽ ወይ ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ግቢው መሀል ተንበረከክሽ፣ እኔንም አንገቴን ይዘሽ አንበረከክሽኝ፣ "ድሃ ነን እመቤቴ፣ ልጅ ናት ማሯት" አልሽ። ጌጡ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ሥር ተገኘ በኋላ። የጎረቤቷ ሠራተኛ ነገረችኝ፣ እየሮጥኩ መጥቼ ብነግርሽ "ተይው ኢንዳይ፣ አልፏል። ድሃን የሚያተርፈው እውነት አይደለም፣ መንበርከክ ነው" አልሽኝ። አላመንሽኝም። እስከዛሬም ማንጎ ስትልጪ ቀና ብለሽ የምታይኝ አስተያየት አለ። ማንጎውን እነሱ በሉት፣ እኔ ግን ሌባ ሆኜ ቀረሁ፣ ባንቺ ዓይን።

ልታድኚኝ ብለሽ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። እዚህ ግን ይቅርታ ካልሽ ሰርቃለች አልሽ ማለት ነው፣ በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ስሚኝ። ሰውየው ሲመጣ አትንበርከኪለት። ማንጎም አትስጪው። የክርስትና እናቴ ለልደቴ ያመጣችልኝን ጥቅል እፊቷ ስቀደው እጄን ምን እንዳደረግሽኝ ታስታውሻለሽ? በጥፊ ነው ያጮልሽው፣ ድግሱ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። "አንቺ ስስታም! ሴትየዋን ነው ዕቃዋን ነው የወደድሽው? ሰጪው ፊት አይከፈትም!" አልሽኝ። ከዛን ቀን ወዲህ ማንም ፊት ከፍቼ አላውቅም። ያንን ንገሪው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት በይው፣ የመታኋት በዚህ እጄ ነው ብለሽ እጅሽን አሳዪው። ማኖንግ የአገሩን ልማድ ተናገረ፣ አልሰሙትም። የኔን እጅ ማን እንደመታው ግን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የኔ ምስክር አንቺ ብቻ ነሽ ናናይ፣ እሷማ ሞተችብኝ።

ይሄ ያድነኝ አያድነኝ እንጃ። ላያድነኝ ይችላል። ከወሰዱኝም ግን እናቴ አምናኛለች ብዬ ልሂድ። ኮፍያሽን አለቃው መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል፣ ሀብሉን ለልጇ ይስጡት፣ ኮፍያውን ብቻ ስጡኝ እላቸዋለሁ፣ እሱ በራስሽ ልክ የተሠራ ነው።

ኬቱት እጇን ዘርግታ ወረቀቱን እየጠበቀች ነው፣ "ቶሎ በይ፣ ፀሐይዋ ወረደች" ትለኛለች። መርከቡ ከተነሳ ወዲያ ስልክ አይሠራም፣ እኔም ከዛ ወዲያ የት እንደምሆን አላውቅም። ያንቺ ጀንበር ደግሞ ከኔዋ ትቀድማለች፣ ደሴታችን ላይ ቶሎ ነው የሚመሸው፣ ስለዚህ ባንቺዋ ቁጠሪልኝ። ስልክሽን ክፈቺው። በኬቱት ቁጥር ደውይ፣ ኤስተር ጋ አለ። ከከበደሽ ብዙ አታውሪ፣ ኢንዳይ አምኜሻለሁ ብለሽ ዝጊው። ናናይዬ ደውይልኝ፣ በናትሽ፣ ሳይመሽ ደውይልኝ።

ልጅሽ ጆቬሊን