የጉሌድ ጫማ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጉሌድ፤ ባለህበት ሁሉ የአላህ ጥበቃ አይለይህ። እኛ በቡርዖ ደህና ነን።

እኔ ግን አቤቱታ አለኝ። ትተኸው የሄድከውን የትምህርት ቤት ጫማህን ታናሽ እህትህ ሰጋል አጥልቃ፣ ኳ ኳ እያደረገች ከቀትር እንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለች።

"አንቺ ዳክዬ፣ አውልቂው!"

"አጎቴ ደግሞ! ጉሌድ ሲመጣ ደርቆ እንዳይጠብቀው እያለሰለስኩለት ነው።"

ጀልባ ልንሳፈር ነው ብለህ ከሊቢያ ከደወልክ ይኸው ወራት አለፉ፤ እናትህ ስልኩን ከእጇ አትለየውም። እኔም ኔትወርኩን እየሰደብኩ አስቃታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሰጋል መምህር ተማሪዎቹን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ጓደኞቿ ሐኪም፣ አብራሪ አሉ። እሷ "ሰው ዋና ማስተማር" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ቤት ስትመጣ፣ "ወንዛችን ደርቋል፤ አሸዋ ላይ ልታስዋኚ ነው?" አልኳት።

"ጉሌድ እኮ ዋና አይችልም" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አላሾፍኩባትም።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ሰጋልም ሰላም ብላሃለች። እኔም...

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። አብሮህ የሄደው ሊባን ነው። ብቻውን፣ አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰጋል ጫማህን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሊባን ኋላ መንገዱን እያየች ነው።