በቦንጋ ያልታመምኩት ሕመም

ታዴ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ስተወው ኖሬ፣ አሁን ለመጻፍ ያበቃኝ ንዴት ነው። ሴት በሞተ ባሏ ላይ ትናደዳለች ወይ ብትለኝ፣ እኔም እስከዚህ ክረምት ድረስ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰናይት አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት አልፋኛለች። የዮናስ ድምፅ ጎርንኗል፤ ከደጅ ሲጣራ አንዳንዴ አንተ እየመሰልከኝ ደንግጬ እነሣለሁ። ከጓሮ ያለውን እንሰት ግማሹን ነቅለን አዲስ ተክለናል። አብረን ባስተማርንበት ትምህርት ቤት ባንተ ቦታ ከወላይታ የመጣ ወጣት ርዕሰ መምህር ተመድቧል። እሱ ነው በግንቦት ወር ቢሮው ጠርቶ፣ «እትዬ ብርሃኔ፣ ለክረምት ትምህርት ስምዎ ወጥቷል፤ ዲፕሎማዎን ቦንጋ ይማራሉ» ያለኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ!

«እኔ ቀድሜ ልማር፣ አንቺ ትከተያለሽ» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ሦስት ክረምት ቦንጋ ስትመላለስ በሶውንም ማሩንም አዘጋጅቼ፣ የራሴን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሸኘሁህ። ስትመለስ የምታወራልን ስለ ጭቃው፣ ስለ ብርዱና ስለ ትኋኑ ነበር። «ለሴት የሚሆን አይደለም» ትል ነበር። ከዚያ ዲፕሎማህን ይዘህ ርዕሰ መምህር ሆንክ። የእኔ ተራ መቼ እንደሆነ በየዓመቱ ስጠይቅህ «ዘንድሮም ኮታ አልደረሰንም» አልከኝ። የወረዳው ደብዳቤ የሚመጣው ባንተ እጅ ነውና ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? አመንኩህ።

በሐምሌ መጀመሪያ ሺሺንዳ ላይ መኪና ቀይሬ፣ በዝናብ ቦንጋ ገባሁ። ሌላ ሰው ስለማላውቅ አንተ ተከራይተህ የነበርክበትን ቤት አፈላልጌ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ወይኔ ልጄ! ልብሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። ስለ ሐዘኔ የጠየቁኝ መስሎኝ «ተመስገን፣ እየቻልኩት ነው» አልኩ። ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁኝ። ውኃ ልቅዳ ብል ተቆጡኝ። ቀስ ብዬ እንድራመድ እንኳ መከሩኝ። ሐዘንተኛ እንዲህ የሚያስታምሙ ደግ ሴት ናቸው ብዬ ተገረምኩ።

በማግስቱ ለመመዝገብ ኮሌጁ ስሄድ አቶ ታምሩን አገኘሁት። አብሮህ የተማረው፣ ኋላ ዲግሪውን ይዞ አሁን እዚያው ባዮሎጂ የሚያስተምረው። ስለ ሞትህ ከልቡ አዝኖ አጽናናኝና፣ «የልብ ሕመምዎስ ተሻለዎት? ያኔ ስምዎ ወጥቶ ስንጠብቅዎት፣ ሐኪም ከለከላት ብሎ ታደሰ ሲጽፍልን ምን ያህል እንዳዘንን!» አለኝ።

ምን እንደሚያወራ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ስሜ ወጥቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ፣ ባሌ፣ «በጤና ምክንያት መማር አትችልም» ብሎ ስለ እኔ መልስ ጽፎ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ክረምት በቆሎ ስኮተኩት፣ እንጨት ስፈልጥ፣ እንስራ አዝዬ ስወጣ ስወርድ ነበር።

«ተሽሎኛል» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ስምህን በፍቅር እየጠራ እያለ አፌን ምን ያስከፍተኛል?

እንዲህ ሆኜ፣ በሽተኛ ሆኜ፣ ቦንጋን ተዋወቅኋት። መጀመሪያ ሳምንት ከኮሌጁ ወደ ገበያ የሚወስደው አቋራጭ እየጠፋኝ ሰው ጓሮ ገብቼ እገኝ ነበር። በኋላ ግን የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትት፣ ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ አወቅኩ። ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ሲገለጥ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ይታያሉ። ዝናብ ሲይዘን ጥላ የሌላቸው የኮባ ቅጠል ቆርጠው ራሳቸው ላይ ይደፋሉ። ከዴቻ፣ ከጨና፣ ከጌሻ የመጡ መምህራን በጣራው ጥግ ተጠልለን ላንዱ ያልገባውን ሌላው እያስረዳው እንስቅ ነበር። በልጅነቴ እንኳ እንደዚያ የሳቅኩ አይመስለኝም። ጭቃውማ አለ፤ ብርዱም አለ። ታዲያ ሳቁን ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ? እትዬ አስካለ እንዳሉኝ፣ አንተ በዚያ ቤት በረንዳ ላይ ተረት እያወራህ ሠፈሩን ሁሉ ታስቅ ነበር። ቤት ግን ይዘህልን የምትመጣው ትኋኑን ብቻ ነበር።

በየሄድኩበት ስለ ልቤ እጠየቃለሁ። እትዬ አስካለ በየክረምቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜን በጸሎት ያስጠሩ እንደነበር ነገሩኝ። ጎረቤታቸው ለልብ የሚሆን ሥር ቀጥቅጣ አመጣችልኝ፤ ተቀብዬ ጠጣሁት። መራራ ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ የአቶ ታምሩ ክፍል የዱር ቡናውን ለማየት ማንኪራ ጫካ እንዲሄድ ተወሰነ። መኪናው የሚደርስበት ድረስ ሄደን ቀሪው በእግር ነው። ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ወይዘሮ ብርሃኔ እዚሁ ይቅሩ። አቀበቱ ለልብዎ አይሆንም፤ ነጥብ አልቀንስብዎትም» አለ።

«ልቤን አሞኝ አያውቅም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ታደሰ ዋሽቷችሁ ነው። ስሜ ወጥቶ እንደነበር የሰማሁት በዚህ ሐምሌ ከእርስዎ አፍ ነው።»

አቶ ታምሩ የስም ዝርዝሩን እያየ ቆመ። ከጨና የመጣችው ጓደኛዬ «በይ፣ መኪናው ላይ ውጪ» ብላ ቦርሳዬን አነሣችልኝና ወጣሁ።

በሞትህ ላይ አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ አልልህም።

ጫካው ውስጥ ቀፎ የተሰቀለባቸው ረጃጅም ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነበር። ሁሉንም ቀድሜ ወጣሁ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን አቀበቱን ስጨርስ ይህን መንገድ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ መውጣት እችል ነበር ብዬ አስቤ፣ ዛፍ ተደግፌ እንባዬን ጠረግሁ።

ስመለስ እውነቱን ለእትዬ አስካለም ነገርኳቸው። «ያን ዓመት ለስብሰባ ሲመጣ፣ ስምሽ መውጣቱን ሰምቼ ያዘጋጀሁልሽን አልጋ አየና አለቀሰ» አሉኝ። «ስለ ሕመምሽ መስሎኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ።»

በጣም የከበደኝ ይህ ነው፣ ታዴ። ውሸትህን ለማሳመን ያለቀስክ ከሆነ ልጠላህ እችላለሁ። ያደረግኸው ከብዶህ ያለቀስክ ከሆነ ግን፣ ተመልሰህ ቤት ስትገባ ለምን አልነገርከኝም? ሌላ ዓመት ነበር፣ ከዚያም ሌላ ዓመት ነበር። ቤቱ ይፈርሳል ብለህ ፈርተህ ይሆን? ወይስ እኔን ነው የፈራኸው? ትኩሳቱ በሦስት ቀን ወሰደህና የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት። «አባዬን እንዳልወደው ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ። ወጥቼ ልብስ አጠብኩ።

በሙት ዓመትህ ስምህን አስጠራለሁ፤ ከዚህ በፊት ያደረግሁትን አላጓድልም። ልጆቹን አንድ ባንድ አዝለህ ወንዝ ያሻገርከውን አልረሳም። ያን መልስ ጽፈህ የፈረምክበትን ቀንም፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ባላውቅም፣ አልረሳም። ምናልባት የዚያን ዕለት እንደ ሌላው ቀን ሁሉ እራት አቅርቤልህ፣ አንተም «እጅሽ ይባረክ» ብለኸኝ ይሆናል።

ባለቤትህ ብርሃኔ
ከቢታ ገነት